ስክሪኑ ይቆይ

መስከረም 18

እታለም፣

እንደምን ከረማችሁ? አባባስ? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤን ብቻ ያመኛል፤ እሱም ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ የሰው ኮምፒውተር ስፈታና ስገጥም ስለምውል ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም፣ አትስጊ።

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?» ላልሽው፣ አንቺስ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? ያ ስልክ ሁልጊዜ ድምፁ ተለቆ ጠረጴዛ ላይ ነው። እኔ ገና «አሎ» ሳልል አባባ «ማነው? ብሎን ነው?» ይላል። ጢም አውጥቼ፣ ራሴ መመለጥ ጀምሮ፣ ዛሬም ብሎን ነኝ! እሱ ሳይሰማ በስልክ ማውራት አይቻልም፤ ይሄን ነገር ደግሞ እስኪያልቅ እንዲሰማው አልፈልግም። ስለዚህ ለአባባ የምገጥመውን የጌም ኮምፒውተር ዕቃ በካርቶን፣ ደብዳቤውን ካርቶኑ ውስጥ እያደረግኩ በክላክስ መኪና እልካለሁ። ክላክስ አደራ አይበላም፤ የአባባ ረዳት ሆኖ ስንት ዘመን ሲሠራ አንድ ጆንያ ጎድሎበት አያውቅም። አፉ ግን እንደ ስሙ ነው። የስፌት መኪናሽ መለዋወጫ ነው ብዬዋለሁ፣ እንዳታጋልጪኝ።

«የተገጣጠመ ገዝተህ አትገላገልም ወይ?» ብለሻል። እታለምዬ፣ በኔ አቅም የሚገኘው የተገጣጠመ ኮምፒውተር ፊቱ መብራት በመብራት ነው፣ ሆዱ ግን ባዶ። ስንቱ ተታሎ እያለቀሰ ወደኛ ጥገና ቤት እንደሚያመጣው እኔ ነኝ የማውቀው። ከደሞዜ እየቀነስኩ በየወሩ አንድ በአንድ ብመርጥ ይሻለኛል።

ጌም ለሽማግሌ ምን ያደርጋል ብለሽም አትሳቂ። ባለፈው አንድ ደንበኛ ያመጣው ኮምፒውተር ላይ የጭነት መኪና የሚያስነዳ ጌም ነበረበት። መሪ አለው፣ ፔዳል አለው፣ ዳገት አለው፣ ዝናብ አለው፣ የክብደት መቆጣጠሪያ ጣቢያ ሳይቀር አለው። ልሞክረው ብዬ ተሳቢውን በኋላ ማርሽ መጋዘን ላስገባ ስል አጥሩን ይዤው ሄድኩ። አባባ ቢያየኝ ኖሮ በአንገቴ ጎትቶ ያወርደኝ ነበር። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ፤ መንጃ ፈቃዱን ከተቀማ ወዲህ ግድግዳ ተደግፎ የሚቀመጠው አቀማመጥ። ሐኪሙ የቀኙ ዓይን አብቅቶለታል፣ የግራውም ብዙ አይቆይም ብሏል ብለሽ ጽፈሽልኝ የለ? እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ ዓይን ሳይጠፋ አንዴ፣ አንዲት ቀን እንኳ፣ መሪ ይዞ መንገድ እንዲያይ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ዛሬ የላክሁት ፓወር ሰፕላዩን ነው፤ ኤሌክትሪኩን ለሌሎቹ ዕቃዎች የሚያከፋፍለው ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆጥብና ሌላውን ሁሉ ያቃጥላል። አባባ «መኪና የሚመረጠው በፍሬኑ ነው፤ መሄዱንማ ቁልቁለትም ያስኬደዋል» ይል አልነበር? እኔም ከፍሬኑ ጀምሬያለሁ።

አንድ ነገር ግን ካንቺ እፈልጋለሁ። ሁሉን የሚወስነው ስክሪኑ ነው። የስክሪኑን ልክ ካወቅኩ ግራፊክስ ካርዱን፣ ምስሉን የሚሥለውን ዕቃ ማለቴ ነው፣ እመርጣለሁ፤ ካርዱን ካወቅኩ ሌላውን። እና ንገሪኝ፤ በግራው ዓይኑ ከምን ያህል ርቀት ያያል? የጋዜጣ ርዕስ ያነባል? ሳታድበሰብሺ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ብሎን


ጥቅምት 12

ብሎኔ፣ ናፍቆቴ፣

ዘገየች ብለህ እንደተቆጣህ አውቃለሁ፤ ይቅር በለኝ። የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ከረምኩ። ቤቱ ሁሉ ሰማያዊ ክር ሆኗል፤ ሻዬ ውስጥ እንኳ ክር አገኛለሁ። ጤናችን ደህና ነው።

መጀመሪያ መርዶውን ልንገርህ። አባባን ለማስገረም የደበቅከው ነገር ሞቷል፣ ነፍሱን ይማር። ክላክስ ካርቶኑን ለኔ መስጠት ትቶ አባባ ጭን ላይ አስቀመጠው። አባባ ከፍ ዝቅ አደረገው፣ በጣቱ አንኳኳው፣ «ይሄ የስፌት መኪና ዕቃ ነው?» አለ። «አዎ» አልኩ። «እኔ የተጫነብኝን የማላውቅ ሰው ነኝ?» አለኝ። ምን ልበለው? አንድ በአንድ ነገርኩት። ካርቶኑን ጭኑ ላይ እንደያዘ ስለቀረ የተቀየመ መስሎኝ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ትንሽ ቆይቶ ከጀርባዬ «ፍሪሲዮን አለው?» አለ።

ወንድሜ፣ ከመቼ ወዲህ ነው እሱ ስለ አንድ ነገር የጠየቀው! «ብላ» ሲሉት የሚበላ፣ «ተኛ» ሲሉት የሚተኛ ሰው ሆኖ ነበር እኮ። ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገባኝ።

አሁን ካርቶኑ አልጋው አጠገብ ነው። ዕቃውን ያወጣና ይመዝነዋል፣ ያሸተዋል፣ በየቀዳዳው ጣቱን ይከታል። እንዳይነዝርህ ብዬ ስጮህበት «ያልተሰካ ነገር አይነዝርም» ይለኛል። «ከባድ ነው። ጥሩ ዕቃ ቀላል አይሆንም። ልጁ መምረጥ ያውቃል» ብሏል። እኔን በሕይወቴ እንዲህ አሞግሶኝ አያውቅም። ቅናት ይዞኛል፣ አልዋሽህም።

ጥያቄም አሸክሞኛል። ማራገቢያው ሲዞር ድምፁ ምን ይመስላል? ሞተሩ የቱ ነው? በእጅ ይያዛል ወይ? ይሞቃል ወይ? አንድም ሳታስቀር መልስ ብሏል።

ስለ ስክሪኑ ለጠየቅከኝ፣ ይቆይ። እሱን የምናስቀምጥበት ቦታ እንኳ ገና አላሰናዳሁም። ዓይኑም እንደነበረው ነው፣ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ይልቅ አንተ በደንብ ብላ፤ ደሞዝህን ሁሉ በብረት አትጨርሰው።

እታለም


ኅዳር 8

እታለም፣

ደብዳቤሽን የምሠራበት ሱቅ ውስጥ ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ባለሱቁ «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» በሚል ዓይን አየኝ። «ፍሪሲዮን አለው?» አለ! በይ ንገሪው፣ አለው። ባለሁለት ፔዳሉ ይረክሳል፤ ግን እሱን ብልክለት «ይሄ መኪና ነው ወይስ ብስክሌት?» ብሎ መልሶ ይጭንልኛል። ሦስት ፔዳል ያለውን እየፈለግሁለት ነው።

ጥያቄዎቹን ልመልስ። ማራገቢያ ትልቁ ይሻላል። ትልቁ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ድምፁም ሰው በአፍንጫው ሲተነፍስ ያህል ነው። ትንሹ ያንኑ ንፋስ ለመስጠት ስለሚፈጥን እንደ ትንኝ ጆሮ ላይ ይጮሃል። ሞተሩ ፕሮሰሰር ይባላል። ከብስኩት አይበልጥም፣ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። በጣም ነው የሚሞቀው፤ ማቀዝቀዣ ካልተጫነበት ወዲያው ራሱን ያጠፋል። በዚህ ካርቶን፣ ሁሉም ዕቃ ከሚሰካበት ሰሌዳ ከማዘርቦርዱና ከማስታወሻው ከራሙ ጋር ልኬዋለሁ። ከሥሩ ያሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች ግን እንዳይነካ፤ አንዷ ከተጣመመች አለቀለት።

ሁለት ፕሮሰሰር ነበር ያማረጥኩት። አንዱ ዘንድሮ የወጣ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሣጥኑም ያምራል። ሌላው የዓምናው ነው። የዓምናውን ወሰድኩ። ለምን ካልሽ፣ በጌም ኮምፒውተር ላይ ገንዘቡ መሄድ ያለበት ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ለሚጎትተው ጭነት የሚበቃ ሞተር ካለው ይበቃል፤ አባባ ይሄን ከኔ በላይ ያውቀዋል። ካርዱ ላይ ግን አልቆጥብም። ያገለገለ ግዛ ብለውኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ። ለደከመ ዓይን ብሩህና ጥርት ያለ ምስል ያስፈልጋል፤ ቅጠሉ ከቅጠል፣ ድንጋዩ ከድንጋይ ተለይቶ መታየት አለበት። ለሱ ብዬ ከሥራ ስወጣ ሰው ቤት እየዞርኩ እጠግናለሁ። አልደከመኝም፣ አትጨነቂ።

የሁለት ስክሪን ፎቶ ከዚህ ጋር አለ። አንዱ ሰፊ ነው፣ አንዱ ጠበብ ያለና ቀጭን። አባባ አይቶ የመረጠውን ጻፊልኝ። ደግሞ በጥር ዕረፍት አለኝ፤ ብመጣስ?

ብሎን


ታኅሣሥ 21

ብሎኔ፣

ዕቃው በደህና ደርሷል። ሽቦዎቹን አልነካም፤ በጠርዙ ይዞ በሁለት ጣቱ ገለባበጠው፣ ከዚያ «ይሄ ነው ያን ሁሉ የሚጎትተው?» ብሎ ብዙ ተገረመ። የዓምናውን መምረጥህን ወዶታል። «አዲስ ሞዴል ሲወጣ የሚሮጥ ሹፌር መለዋወጫ ሲያጣ መንገድ ላይ ያድራል» ብሏል።

ፎቶዎቹን አየና ቀጭኑ ይሻላል አለ። ግን አትቸኩል፤ ስክሪኑ ይቆይ፣ መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

ለዕረፍትህ አትምጣ። ጣሪያው ያፈስ ስለነበር እያስጠገንን ነው፤ ዕቃው ሁሉ ተዘበራርቆ የምናስተኛህ ቦታ የለም። ትንሽ ሲሞቅ ትመጣለህ። እንዳልናፍቅህ አድርገህ እንዳትተረጉመው፣ አደራ።

አባባ አንድ መልእክት አለው። «ሲጽፍ አያሳጥር» ብሏል። ሱቅ ስትገባ የቱን እንዳየህ፣ የቱን አንስተህ የቱን መልሰህ እንዳስቀመጥክ፣ ሻጩ ምን እንዳለህ፣ ለምን እንዳላመንከው፣ ሁሉንም ጻፍ። የማሸጊያውን ስፖንጅ እንኳ አላስጥል ብሎኛል። የክላክስን ጥሩምባ ከመንገዱ ማዶ ይለየዋል፤ እኔ ገና የስፌት መኪናዬን ሳላቆም እሱ በር ላይ ነው።

እታለም


ጥር 16

እታለም፣

እንደምን ከረምሽ አልልሽም።

ክላክስ ትናንት ካርቶን ሊወስድ ሱቅ መጣ። የማውቅ መስሎት፣ ሻይ እየጠጣ፣ «አባትህ እኮ ብርቱ ነው፤ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ግድግዳውን እየዳሰሰ ብቻውን ደጅ ይወጣል» አለኝ። ፊቴን ሲያይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። እኔ ያን ጊዜ ግራፊክስ ካርዱን በእጄ ይዤ ነበር። የዚያኑ ቀን ጠዋት ነው የገዛሁት። እስከ ክረምት ብጠግን እንኳ ይሄን ካርድ አላገኘውም ነበር፤ ሻጩ አዝኖልኝ ነው በየወሩ ክፈል ብሎ የሰጠኝ።

«ፎቶዎቹን አየና ቀጭኑ ይሻላል አለ» ብለሽ ጻፍሽ። በእጅሽ ጻፍሽው! እኔ ደግሞ ሞኙ፣ «ቀጭኑ ይሻላል አለ» ብዬ ለባለሱቁ ሳይቀር አወራሁ። ደብዳቤዎችሽን ዛሬ እንደገና አነበብኳቸው። ሁሉም ከባድ ነው፣ ይሸታል፣ ይዳሰሳል፣ ይሰማል ነው። አንድ ቦታ እንኳ ቀለሙ እንዲህ ነው አላለም። እንዴት አላስተዋልኩም?

ከመቼ ጀምሮ ነው? እሱን ብቻ ንገሪኝ። ዕረፍቴን አትምጣ ስላልሽኝ ለባልደረባዬ ሰጥቼዋለሁ፤ አሁን ባለሱቁ እስከ ክረምት አልለቅህም ብሏል። ይሄንንም ያደረግሽው አንቺ ነሽ።

ካርዱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አልከፈትኩትም። እመልሰዋለሁ።


ጥር 25

ወንድሜ፣

ስምህን እንኳ ሳትጽፍ ላክህልኝ። ይገባኛል፤ ይቅር በለኝ። ግን እኔም አፍ አለኝና ስማኝ።

ከነሐሴ ጀምሮ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ «ዛሬ ጉም ነው እንዴ?» አለኝ። ፀሐይዋ መስኮቱን ሞልታው ነበር። «አዎ፣ ጉም ነው» አልኩት። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ጉም ነው እያልኩት ዋልኩ። ከዚያ «ተይ ልጄ፣ ገብቶኛል» አለ። ያንተ የመጀመሪያ ካርቶን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እና ወንድሜ፣ ካርዱን ቶሎ ብገዛ፣ ቶሎ ብልክ እያልክ ራስህን አትብላ። አንተ ስትጀምር አልቆ ነበር።

ለምን እንዳልነገርኩህ አንተ ይጠፋሃል? የሹፌር ቤት ነው ያደግነው። መንገድ ላይ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ መሪ የያዘ እጅ ይንቀጠቀጣል። እናታችን ያረፈች ጊዜ አባባ ሙሉ ጭነት ይዞ እየመጣ ነበር። በየመናኸሪያው የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ ሰምተው እሱን «ደህና ግባ» ነበር የሚሉት። ግቢው ገብቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን እስኪያወጣ ድረስ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። አንተ ደግሞ ለኔ ከቤት ከወጣህ ጀምሮ መንገድ ላይ ነህ። ብቻህን የምትኖር፣ ሰው ቤት እየዞርክ የምታመሽ ልጅ። ነግሬህ ከደረጃ ብትወድቅስ?

ለነገሩ እኔ ልነግርህ ነበር። ከለከለኝ እሱ ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤህን አንብቢልኝ አለኝ፤ ሁሉንም አነበብኩለት፣ «ያ ዓይን ሳይጠፋ» ያልከውንም። ያቺን ልዝለላት ብዬ ነበር፤ ድምፄ ሲሰናከል አወቀብኝና እንደገና አስነበበኝ። ከዚያ «ከነገርሽው ይተወዋል። አትንገሪው» አለኝ። እንግዲህ ምን ላድርግ? የአንተን እንባ ነው የማስቀድመው የሱን? ደብዳቤዎችህን በቃሉ ይዟቸዋል። ሰፈር ያሉ ጡረተኞች ሲመጡ ስለ ማዘርቦርድ ያስተምራቸዋል፤ ሸሽተውት ሊያልቁ ነው።

ፎቶውን «አየ» ብዬ ስጽፍ ግን ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። እሱን አልክድህም።

ከዚህ በታች ያለው የሱ ቃል ነው፤ እኔ ጸሐፊ ብቻ ነኝ።

«ብሎን። እህትህን አትቆጣት፤ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ካርዱን አትመልስ። የተጀመረ ጭነት ከመንገድ አይመለስም። ዓይኔ ጠፍቷል፤ ምን ይደረጋል፣ ከብዙ ሹፌር በላይ አይቼበታለሁ። መሪውና ፍሪሲዮኑ እንዳይቀር። እኔ በእግሬና በጆሮዬ እነዳዋለሁ፤ እህትህ ረዳት ትሆነኛለች። ስክሪን ግን ለኔ ብለህ አትግዛ። አባትህ።»

እታለም


የካቲት 12

እታለም፣

በቁጣ ለጻፍኩት ይቅር በይኝ። ያን ደብዳቤ በላክሁት ማግሥት ክላክስን አሳድጄ ልቀማው ወጥቼ ነበር፤ አልደረስኩበትም።

አሁንም አልወጣልኝም። አልዋሽሽም፣ ለማሳየት ነበር እኮ! በካርዱ፣ ጌሙ ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ ጠብታው በመስታወቱ ላይ ሲወርድ ይታያል። «አባባ፣ ዝናቡን አየኸው?» ልለው ነበር። እንዴት እንደምለው በልቤ ሳጠና ነው የከረምኩት። አሁን ያ ዝናብ ለማን ነው? እሺ፣ አልደግመውም።

ሁሉንም ልኬያለሁ። መሪው፣ ማርሹ፣ ሦስቱ ፔዳሎች፣ ካርዱ፣ ሣጥኑ፣ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች። ስክሪኑ ከሱቁ ጓዳ የወጣ አሮጌ ነው፤ ለአንቺ፣ ለረዳቷ። ጌሙን በማከማቻ ዲስኩ ላይ ጭኜዋለሁ፤ እሱም ካርቶኑ ውስጥ ነው። አገጣጠሙን በተለየ ወረቀት ጽፌዋለሁ። አንቺ አንብቢ፣ እሱ ይግጠም። ልብስ የምትሰፋ ሴትና ሹፌር አንድ ኮምፒውተር ካቃታቸው ጉድ ነው።

የጌሙ መኪና ሞተር በየትኛው ማርሽ እንዳለ በድምፁ ይለያል፤ ሞክሬዋለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። እኔ ብዙ አልሄድኩም። አባባ ግን አባባ ነው።

ብሎን


መጋቢት 28

ብሎኔ፣

ልጽፍልህ ተቀምጬ ስንቴ ተነሣሁ። ዝምታዬን ይቅር በለኝ። ከእንግዲህ አልደብቅህም ብዬ ለራሴ ስለማልኩ የሆነውን እንደሆነው እጽፋለሁ።

ገጠምነው። እኔ ወረቀትህን ሳነብ እሱ ማሰሪያ ቪቶቹን በከንፈሩ ይዞ ይገጥማል። እያንዳንዱን ዕቃ ሲያነሣ «ይሄ የኅዳሩ ነው፤ የዘንድሮውን ትቶ ነው የወሰደው። ይሄ ደግሞ ያገለገለ ግዛ ሲሉት እምቢ ያለበት ነው» እያለ ደብዳቤህን በቃሉ ይለዋል። ራሙ ቀጭ ብሎ ሲገባ ልጅ ሆነ። ማብሪያውን ራሱ ተጫነው። ማራገቢያው ሲዞር ጆሮውን አስጠግቶ «ተነሣ!» አለ። ያን ፊቱን ብታየው ዕዳህን ሁሉ ትረሳው ነበር።

ከዚያ ነዳ። እኔ በቀኙ ተቀመጥኩ። አነሳሱን ባየህ! ፍሪሲዮኑን ለቀቀ፣ ማርሽ ቀየረ፣ እንደገና ቀየረ፤ ሞተሩ ሲከብደው አውቆ ይመልሳል። ቀጥ ያለውን መንገድ እንደ ንጉሥ ሄደ። ጠምዘዝ ሲል «ግራ! ግራ!» አልኩ፤ ዘገየሁ፣ ገደል ገባን። ሳቀ። «ረዳቴ ተኝታለች» አለ። ድጋሚ ተነሣን። አሁን ቶሎ ተናገርኩ፣ ግን ምን ያህል ግራ እንደሆነ ልነግረው አልቻልኩም፤ እኔ ከመርፌ በቀር የነዳሁት ነገር የለም። ከፊት የሚመጣ አውቶቡስ ገጨን። ሰው ያለበት መሰለኝና ጮህኩ። በሦስተኛው ራሱ አቆመው። እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«እኔ መንገድ ለማንም ጠይቄ ነድቼ አላውቅም» አለ። «አጥፊው ልጄ።»

አለቀሰ፣ ብሎኔ። እናታችን ስትሞት እንኳ ፊቱን አዙሮ ነበር ያለቀሰው። አሁን ማዞሩን ረሳው። ወይም እኔ እንደማየው ረሳ። አጠገቡ ተቀምጬ ድምፅ ሳላሰማ አለቀስኩ።

ያንተ ጥፋት የለበትም፤ ዕቃው አንድ እንከን አልወጣለትም። መኪናው ደህና ነው፣ መንገዱ ደህና ነው፣ ሹፌሩም ደህና ነው። ዓይን ነው የሌለው። ጨርቅ ሰፍቼ አለበስኩት፣ አቧራ እንዳይገባበት።

የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። ከዚያ ወዲያ ዝም አለ። እንደ አምናው ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል። ጡረተኞቹ ሲመጡ ማዘርቦርድ የለ፣ ምን የለ። እኔም ያ መሪ ነው ያሳዘነው፣ ይረሳዋል አልኩ። ባለፈው ሰኞ የክላክስ ጥሩምባ ከማዶ ተሰማ። አባባ ብድግ አለ። ግድግዳውን እየዳሰሰ፣ ወንበሩን ገጭቶ፣ እኔ ሳልደርስ በር ላይ ቆመ። ሁለት እጁን ዘርግቷል። ክላክስ ያመጣው የኔን ክርና አዝራር ነበር። አባባ ፌስታሉን ጨበጥ ጨበጥ አደረገና «ካርቶን የለም?» አለ።

«የለም አባባ» አልኩት። «አልቋል እኮ። ሁሉም ደርሶናል።»

«አለቀ?» አለ። ተመልሶ ተቀመጠ። ያን ቀን ምግብ አልነካም።

እኛ መንዳቱን ነው የሚጠብቀው ስንል ነበር። እሱ የሚጠብቀው ካርቶኑን ነበር፣ ወንድሜ። አንተ ሱቅ ገብተህ ይሄን አንሥተህ ያን ስትተው አብሮህ ይገባ ነበር፤ አብሮህ ይመርጥ፣ ከሻጩ ጋር አብሮህ ይጨቃጨቅ ነበር። ያን ነው ጨርሰን የወሰድንበት። እንግዲህ ልለምንህ። ሌላ ምረጥለት። ገንዘብ እንደሌለህ አውቃለሁ፣ ዕዳም አለብህ። አትግዛ። ዝም ብለህ ምረጥና ጻፍ፤ እኔ አነብለታለሁ።

እታለም


ሚያዝያ 6

አባባ፣

እንዴት ነህ? ይሄ ደብዳቤ ላንተ ነው፤ እታለም አንባቢ ብቻ ናት። መሃል ገብታ አስተያየት እንዳትሰጥ።

መንገዱን ላሳይህ ነበር፣ አልደረስኩም። እሱ ሁልጊዜ ሆዴ ውስጥ ይኖራል። አሁን ግን ሥራ አለብን።

ትናንት አንዲት ልጅ ወደ ሱቅ መጣች። ቤት ቀለም ቀቢ ናት፤ ጥፍሯ ሥር ነጭ ቀለም አለ፣ ፀጉሯም ላይ ነጠብጣብ አለ። የመጀመሪያ የጌም ኮምፒውተሯን ልትገጥም ስትቆጥብ ኖራ ይኸው ሞላልኝ ብላ መጣች። አልሞላላትም። ዓይኗ ደህና ነው፣ ገንዘቧ ነው ያጠረው። ባለሱቁ ቶሎ ብሎ ያን ባለመብራቱን የተገጣጠመ ሊሸጥላት ሲል ክንዱን ያዝኩት። ተቆጥቶኛል፣ ይቆጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥሩ ካርድ ከወሰደች ፓወር ሰፕላዩን ርካሽ ልታደርገው ነው። ፓወር ሰፕላዩን ጥሩ ካደረግን ካርዱ ያገለገለ ይሆናል። ያገለገሉ ሁለት ካርዶች አሉኝ። ሁለቱንም ፈትሻቸዋለሁ፣ ሁለቱም ይሠራሉ፣ ዋጋቸውም አንድ ነው። አንዱ ማራገቢያው ሲዞር ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ሌላው ጸጥ ያለ ነው፣ ግን ብረቱ ቀለለኝ፤ ሙቀት የሚችል አልመሰለኝም። ሁለቱንም በክላክስ ልኬልሃለሁ። በእጅህ አዙራቸው፣ መዝናቸው፣ በእኛ ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ አዳምጣቸው። ከዚያ የቱን እንደምንሰጣት፣ የቱን እንደምንተው፣ ለምን እንደተውነው አስጽፍልኝና መልሰህ ላክ። ሳታሳጥር።

ልጅቷን ዛሬ መወሰን አልችልም አልኳት። «አለቃዬን ሳልጠይቅ ዕቃ አልመርጥም፤ እሱ ያለው ሌላ ከተማ ነው» አልኳት። «አለቃህ ጥብቅ ነው?» አለችኝ። «በጣም» ብዬ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ፤ ካርቶን የምፈልግ መስዬ።

ስልክ ቁጥሯን ትታልኝ ሄዳለች። በየቀኑ እደውላለሁ ብላለች። ምን ልበላት?

ብሎን